የአባታቸው ጥንድ ሽጉጥ

ባሌ «ቅርስ ሰብሳቢ ነኝ» ይላል። በትዳር ዘመናችን ሁሉ የሰበሰበው አንድ ሽጉጥ ነው፤ እሱም ከአባቱ የወረሰው የጥንድ ግማሽ። እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ አፈሙዙ የረዘመ፣ በባሩድና በባልጩት ድንጋይ የሚተኩስ የድሮ ነገር ነው። ስልኩ ላይ የፈረንጅ ሰብሳቢዎችን ቪዲዮ ሲያይ ይውልና እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሰብካል። ድሮ ሁለት የእንግሊዝ ጌቶች ሲሰዳደቡ ሜዳ ወጥተው ፊት ለፊት ቆመው የሚታኮሱበት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ብልጫ እንዳይኖረው ጥንዱ በቁመትም በክብደትም አንድ ዓይነት ተደርጎ ነው የሚሠራው ይላል። ይሄን ብሎ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ «የእኔ ግን ከወንድሜ ይሻላል» ይጨምርበታል። ኧረ ወዲያ! እላለሁ እኔ፣ ወጤን እያማሰልኩ።

ሌላው ግማሽ ተበላ ከተማ፣ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ነው። ጥንዱን የለያዩት ሽማግሌዎች ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ ወንድማማቾቹ በውርስ ተጣሉና ሽማግሌ ተቀመጠ። የወላይታም የአማራም ሽማግሌ ስለነበረበት በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም መውቀስ አይችልም። ቦታው እኩል፣ ከብቱ እኩል፣ ቡናው እኩል። ሽጉጦቹ ጋ ሲደርሱ ፍትሕ አሰከራቸው መሰለኝ፣ «አንድ ለአንተ፣ አንድ ለአንተ» አሉ። ሳጥኑ ለታናሽየው፣ የባሩዱ ቀንድ ለታላቅየው። ለተጣሉ ሰዎች መታኮሻ የተሠራውን ዕቃ ለሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች አንዳንድ አድለው፣ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ወንድማማቾቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራረፉ።

«የቤተሰባችን ታሪክ እኮ ነው» ሲለኝ ነገሩ ይከነክነኛል። የእሱ ቅድመ አያት ጠመንጃ አንግተው ከሰሜን ሲመጡ የእኔ ቅድመ አያት እዚሁ መሬቱ ላይ ነበሩ። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ የዚያን ቤት ታሪክ እኛ የምናውቀው ከአፈሙዙ በኩል ነው። ይሄን ስለው «ፖለቲካ አታምጪብኝ» ብሎ መወልወያ ጨርቁን ያነሳል።

መወልወልስ አያልቅበትም! ቪዲዮው ላይ ፈረንጆቹ «ዝገቱ ዕድሜው ነው፣ እንዳትነኩት» እያሉ ይለምናሉ። የእኔው ሰብሳቢ በሎሚና በአመድ ይፈትገዋል። ብረቱ ላይ የነበረውን የሠሪውን ጽሑፍ ፍቆ ጨርሶታል። እዚያ ተበላ ከተማም ያው እንደሆነ የወንድሙ ሚስት ነግራኛለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ባሎቻችን ቢኮራረፉም እኛ ሶዶ ገበያ እንገናኝ ነበር፤ እሷ ሀላኮ የምንለውን የሽፈራው ቅጠል ታመጣልኛለች፣ እኔ ዳጣ እሰጣታለሁ። አንድ የገበያ ቀን «የእኔውም ባል እኮ ‹የወንድሜ ሽጉጥ ተራ ቅጂ ነው› እያለ ነው» አለችኝ። ተያየን።

«ቢለዋወጥባቸው ይለዩታል እስቲ?» አልኳት።

በሚቀጥለው ገበያ እሷ የባሏን ሽጉጥ ከሀላኮ ሥር ደብቃ በሚኒባስ መጣች። መንገድ ላይ ፈታሹ ዘንቢሏን ከፍቶ ቅጠል ሲያይ አሳልፏታል። እኔም የባሌን ከጎደሬ ሥር ይዤ ወጣሁ፤ ዘንቢል ተለዋወጥን። ቤት ገብቼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩትና ጠበቅሁ። ባሌ መጣ፣ አወጣው፣ ወለወለው፣ በመስኮቱ ብርሃን ገልበጥ አድርጎ አየው። «አየሽ፣ የእኔ እጅ ላይ ሲያርፍ ራሱ ይለያል!» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላ አፍኜ ሳቅሁ። እዚያ ተበላ ከተማም እንዲሁ ሆነ። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ነግረናቸው፣ በሳቅ እናስታርቃቸዋለን ብለን ነበር። በዓሉ ሲደርስ ፈራን፤ ሌሎች ጊፋታዎችም መጥተው አለፉ።

ከዚያ እትዬ ከኦቶና ሆስፒታል ደወለች። ባሏ በጉበት በሽታ ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ብዙ እንደማይቆይ ነግረዋታል። «ወንድሜን ሳላየው ልሞት ነው እያለ ያለቅሳል፤ ጥሩልኝ ግን አይልም» አለችኝ።

ለባሌ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፣ «ካልጠራኝ አልሄድም» አለና ሳጥኑን ከፈተ። ኦቶና ለእኛ በባጃጅ ቅርብ ነው። ሽማግሌ ላክሁበት፤ ለሽማግሌዎቹ ስለ ሽጉጡ ሰብኮ ሸኛቸው። ወንድሙ እየሞተ ብረት የሚፈትግ ሰው ሳይ ደሜ ፈላ።

«የምትወለውለው የእሱን ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ያንተ ያለው እሱ ዘንድ ነው። እኔና እትዬ ከለወጥነው ዓመታት አልፈዋል፤ አንተም እሱም አላወቃችሁም!»

ጨርቁን ጥሎ ተነሳ። የጫማውን ማሰሪያ እንኳን ሳያስር ባጃጅ አስቁሞ ገባ፤ እኔም ተከትዬ ዘለልኩ። ሊታረቅ እንዳይመስላችሁ፣ ሽጉጡን ሊያስመልስ ነው። የታመመው ሰው ክፍል ገብቶ፣ ያለ ሰላምታ፣ «ጋሼ፣ የእኔን ሽጉጥ እኮ አንተ ነህ የያዝከው!» አለው።

ወንድሙ አጥንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ወደ ሚስቱ ዞረ። እትዬ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ተናዘዘች። ሰውየው ሳቀ። ጎኑን ደግፎ፣ እያቃሰተ ሳቀ። «አንተ ደንቆሮ» አለው፣ «እኔም እኮ ያንተኑ ይዤ፣ ከወንድሜ ይሻላል እያልኩ የተበላን ሰው አሰልችቼዋለሁ!» ባሌ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ቀን ስለ አባታቸው ሲያወሩ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ኦቶና ይመላለስ ነበር። ወንድሙ ቤቱ ልመለስ ሲል አብሮት ተበላ ሄደ። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበረው።

እትዬ ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልላ፣ «ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ ብሏል» ብላ ሰጠችው። ባሌ ቤት አምጥቶ ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ሊቀበል ወጣ። ሲመለስ ወንድሙ እስከመጨረሻው በእጁ የያዘው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ጠራኝ። አገላብጬ አየሁ፣ በእጄ መዘንኩ። ምን ልበለው? ያው ናቸው። ዘንቢል መለዋወጥ ያወቅሁ ሴትዮ ለምልክት አንድ ክር እንኳን አላሰርኩበትም።

አሁን እንግዳ ሲመጣ ሳጥኑን አያወጣም። ሎሚውም አመዱም ቀርቷል። የወንድሙ እጅ የነካውን እንዳይጠርግ ይፈራል፤ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ሁለቱንም አይወለውልም። አንዳንዴ አንዱን አንስቶ «ይሄኛው ይመስልሻል?» ይለኛል። ሁለቱም ዝገት ጀምሯቸዋል፤ እኔም አልነካቸውም።