የታጠፈው መስመር

ታናሽ ወንድሜ ቆሻሻ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። እኔን ደግሞ የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው። የሰው እጅ ከጨበጠ ሳይታጠብ አይበላም፤ ጫማውን ጭቃ ከነካው ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህ ሰው የደረሰው ሥራ ደግሞ የአፈር ሥራ! ፎቅ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ላይ ንዝረት የሚለኩ ሴንሰሮች በመስመር ይተክላል፤ መሬቱን በትልቅ መዶሻ ያስመታና ንዝረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ አይቶ ከሥር አለት ይሁን ጭቃ ይለያል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ጠልቆ ያያል። አቀማመጡን የሚነድፈው ራሱ ነው፤ ወረቀት ላይ እውነትም ያምራል።

እናታችን ምድር ቤቱ በዕጣ የደረሳት ፎቅ የሚሠራበትን ቦታ እንዲለካ የተላከው እሱ ነበር። በንድፉ መሠረት መስመሩ ግቢውን አቋርጦ፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን የፍሳሽ ረግረግ መሻገር ነበረበት። ረግረጉን አይቼዋለሁ፤ የሰፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ የሚደፋበት፣ ትል የሚርመሰመስበት። እፍ! ጌታው አፍንጫውን ይዞ ተመለሰና መስመሩን አጥፎ ሁሉንም ሴንሰር ግቢው ውስጥ በተደለደለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ተከለው። ጠጠሩ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል! «መሬቱ አስተማማኝ ነው» ብሎ ፈረመ።

ይህን የነገረኝ ምሳ ላይ ነው፣ እየሳቀ። እንጀራዬን ትቼ ጠየቅኩት።

«ከጠጠሩ በታችስ ምን አለ?»

«እንጃ።»

«እንጃ? እማዬን እንጃ ላይ ነው የምታስተኛት? አንተ ቆሻሻ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። በማግስቱ ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ እያስመለሰው፣ መስመሩን እንደ ንድፉ ዘረጋ። ከጠጠሩ ሥር ያለው ሁሉ የትየለሌ ለስላሳ ጭቃ ነው።

አለቃው አዲሱን ውጤት በጣቱ ጫፍ ገፋው። «የመጀመሪያውን አጽድቀናል። ፊርማውስ ያንተ አይደል?» አለና ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። ሆዱ ይፈንዳ! ወንድሜ አዲሱን ውጤት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ፎቁም ተሠራ።

እናታችን ቁልፍ የተቀበለች ዕለት በሩ ላይ ያዝኳት። «እማዬ፣ አትግቢ፤ ከሥሩ ጭቃ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተይ!» አለችኝና አጠገባችን ወደቆመው ወንድሜ ዞረች። «የገዛ ልጄ መርምሮ የፈረመበት ቤት ነው። አይደለም እንዴ የኔ ጌታ?»

ወንድሜ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። ቁልፉን ከእጇ ተቀበለና በሩን ከፈተላት።