የእታለም ሥር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከሱፐርማርኬት ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ይዛ መጣችና አንዱን አጎረሰችኝ። ጥጥ የጎረስኩ መሰለኝ። ማሸጊያው «ማርሽማሎ» ይላል። ቃሉን ግን ከረሜላውን ከመቅመሴ አርባ ዓመት ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁትም ደብረ ታቦር፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ውስጥ እሳት ከበው ማርሽማሎ የሚጠብሱ ልጆች ነበሩ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ከረሜላ እሳት ላይ ይጠበሳል ብሎ ማን ያስባል? የኋላ ወንበር ወንዶች «የመኪና ማርሽ ነው» እያሉ ሲከራከሩ፣ ከሸዋ ተመድቦ የመጣው ወጣት መምህራችን ስቆ የራሱን መዝገበ ቃላት ገለጠ። ቃሉ መጀመሪያ የከረሜላ ስም አልነበረም አለን። ረግረግ ዳር የሚበቅል ተክል ስም ነው። የጥንት ሰዎች የሚያዝለገልገውን ሥሩን ለሳል በማር ይወስዱት ነበር፤ ኋላ ፈረንጆች ከስኳር ጋር እየመቱ ጣፋጭ ሠሩበት፣ ስሙም ለጣፋጩ ተላለፈ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ያለውን የተክሉን ሥዕል እያዞረ ካሳየን በኋላ፣ የተክሉ ዘመድ እኛም አገር እንደሚኖር፣ ነገ ነቅሎ ላመጣ ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ለአንድ ሳምንት እንደሚያውሰው ነገረን።

ሥዕሉ ላይ ያለውን ክብ ቅጠል ወዲያው አወቅሁት። የእታለም ቅጠል ነበር።

እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ፤ ልጅ ስላልወለዱ እንደ ልጃቸው የሚያዩት እኔን ነበር። ሳል የያዘው የሰፈር ልጅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። አንድ ሥር ቀጥቅጠው፣ በማር ለውሰው ያልሱታል፤ ምንነቱን ግን ለእናቱም አይነግሩም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ይባል ነበር። አዋቂው ሲያረጅ ለሚወደው አንድ ልጅ ብቻ ያወርሰዋል። ያ ልጅ እኔ እንደምሆን ቤተሰቡ ያውቃል፤ እኔም እኮራበት ነበር። ግን መታገሥ አቅቶኝ፣ ወንዙ ዳር ሲቆፍሩ ተደብቄ አይቻቸው ነበር። ሴቶች ጸጉር የሚታጠቡበት ልት ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው።

በማግስቱ ሥሩን በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩና ስልሳ ተማሪ ፊት ቆምኩ። «ልት ነው፤ እታለም የሳል መድኃኒት የሚያደርጉት» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። መዝገበ ቃላቱን አቅፌ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እታለም ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም። መዝገበ ቃላቱን አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ መለስኩት። ውርሱን እንዳጣሁት ገብቶኛል፤ የባሰው ግን መድኃኒቱን ያረከስኩት እኔ ነኝ የሚለው ፍርሃት ነበር።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ሕፃን ሳል ጠናበት፤ እናቱም እንደ ወትሮው ወደ እታለም አመጣችው። እታለም «እንጃ» እያሉም ቢሆን አላሱት። እኔ ለመድኃኔዓለም ሻማ ተሳልኩ። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ግቢያችን ገብቶ ዶሮዎቹን ሲያባርር አየሁት። ደስታዬ እንባ ሆኖ ወጣ።

እታለምም አይተውታል። መቆፈሪያቸውን አንሥተው «ነይ እስቲ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን መሬቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ስሙን የሰማ ሁሉ ነቅሎ ሄዷል፤ የቀሩት ሦስት እግር ልት ብቻ ነበሩ። እታለም ከአንዱ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

«ስሙ መጠራቱስ አላረከሰውም፤ ሕፃኑ ድኗል» አሉኝ። «የሚያጠፋው እንዲህ ሥሩን መጨረስ ነው። ግማሹን ቁረጪ፣ ግማሹን ለመሬቱ ተይለት። ስሙን እንደነገርሽ፣ ይኸንንም ለሰው ንገሪ።»

ውርሴን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ መነጽሬን አድርጌ የከረሜላውን ማሸጊያ አገላብጬ አነበብኩት። ስኳር፣ ጄላቲን፣ ቀለም። ሥሩ የለበትም። ፈረንጆቹ ስሙን ይዘው ሥሩን ረስተውታል። የልጅ ልጄ ማሸጊያው ላይ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ከአጥሩ ሥር ያበቀልኩትን ልት ስታየው በሁለት እጇ ጨብጣ ልትነቅለው ሳበችው።

«ቀስ በይ» አልኳት። «ግማሹን ለመሬቱ ተይለት።»