ለሬሳ ያልወረድኩበት ቀን

ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ የቆመ ባጃጅ አልነሳ ብሎ ሲያስቸግር ቤንዚኑ ሸተተኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዘመኑ ነው፣ ልጄ! እጄ ግን አልረሳም፤ ጣቶቼ ጭብጥ አሉ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቡሬ ላይ ከአባቴ ጋር በርበሬ እንነግድ ነበር። በየቤቱ ከታደለው የቶምቦላ ትኬት የእኔ ቀይ ሞተር ሳይክል አወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት መጣ። "ምነው ለወንድ በወጣች" አሉ ጎረቤታችን። "ሴት ልጅ ብረት ላይ ተንፈራጣ ልትሄድ ነው?"

አባቴ ሁለቴ ዞሮ አያት። በበቅሎ አቀማመጡ አገር ያወቀው ሰው ነበር፤ እኔንም በስድስት ዓመቴ ኮርቻ ላይ ያወጣኝ እሱ ነው።

"በቅሎ ሰው ታውቃለች" አለ። "ይቺ ማንን ታውቃለች? እስከ ቅዳሜ ሞክሪያት። ሰው ካሳዘንሽባት ግን ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች።"

የጤና ጣቢያው ክትባት ሰጪ ሞተር መንዳት ይችል ነበርና ሁለት ቀን ኳስ ሜዳው ላይ አስተማረኝ። መጀመሪያ ስትነሳ መንቀጥቀጧ በክንዴ አልፎ ጥርሴ ድረስ ገባ። ነፋሱ ሻሼን ወሰደው፤ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ። በበቅሎ ስትሄጂ አገሩን እያየሽ ነው፤ በእሷ ግን ዛፉም ሰውም ሰላም ሳልለው ከኋላዬ ይቀራል። ፈራሁ። ደግሞ መውረድ አልፈለግሁም።

ሐሙስ ዕለት የወንድሜን ሱሪ ታጥቄ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው የጠጠር መንገድ ወጣሁ። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኩርባውን ስዞር ቀብር ገጠመኝ፤ ቄሶቹ ከፊት፣ ቃሬዛው በአራት ሰው ትከሻ፣ ሕዝቡ ከኋላ።

በእኛ አገር እንግዲህ ሬሳ ያገኘ ባለበቅሎ ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ ዳር ቆሞ ያሳልፋል። ይህ ማሰብ አያሻውም፣ ሰውነት ራሱ ያውቀዋል። ቀኝ እግሬ ሊወርድ ተነሳ፤ እጄም ልጓም እንደሚስብ እጀታውን ጨብጦ ወደ ደረቴ ሳበ። "ቁሚ" አልኳት፣ እንደ በቅሎ። ነዳጅ መስጫው ደግሞ ያው እጀታው ነው፤ ወደ ራስሽ በጠመዘዝሽው ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ሞተሯ ጮኻ ተስፈነጠረች።

ቄሶቹ ቦይ ውስጥ ዘለሉ። ተሸካሚዎቹ ሲሸሹ የቃሬዛው አንድ ጫፍ መሬት ነካ። እኔ ከነሞተሬ አጥር ላይ ወደቅሁ። ለቅሶው ቀጥ አለ፤ የሚሰማው ተገልብጦ የሚሽከረከረው ጎማ ብቻ ነበር።

"የሞተ ሰው ደግመሽ ልትገድይ መጣሽ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

የሟቹ ሚስት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ አዩኝ።  ያ አያያቸው እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

በማግስቱ አባቴ ከወንዝ ዳር ድንጋይ መርጦ ማጅራቱ ላይ አወጣ። ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ ግን የሚሸከመው አጥፊው ነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ልሸከም" አልኩት።

"ያን ልጓም መሳብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አለኝ።

ያ ኩሩ ሰው ልቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። እኔም አጠገቡ። የሟቹ ሚስት ወጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

"ይነሱ፣ አባቴ። እግሯ ሲነሳ አይቻለሁ። ልትወርድለት ነበር።"

ይቅር ስላሉን ሞተሯ የምትቀርልኝ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን አባቴ የግቢውን በር ከፈተ። "ምረውናል" አለ። "ያዘኑት ግን አዝነዋል።" ቃሉ ቃል ነው፤ አልተከራከርኩትም። እሱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው፣ እየገፋን ወሰድናት።

ገበያው ሲታየን ቆመ። "እስቲ ሳትሸጥ አንዴ ልውጣባት" አለኝ።

ከኋላዬ ተፈናጠጠ። እንደ ደከማት አህያ ቀስ አድርጌ ነዳኋት። በሁለት እጁ ወገቤን ይዞኛል፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሞቀኛል።

"ትንሽ ጨምሪ" አለኝ በጆሮዬ።

ጨመርኩ። ገበያው በር ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። አባቴ ቶሎ አልወረደም።