አባ እርሳስና አርባዎቹ ጠርሙሶች

የዓሣ ምርምር ጣቢያውን የናሙና ክፍል ይጠብቁ የነበሩትን ሰው በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ተማሪው ሁሉ «አባ እርሳስ» ይላቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር፣ ነጩን ጋዋናቸውን እያስተካከሉ ያችኑ ትምህርት ይደግሙለታል፤ «ጠርሙስ ውስጥ የሚገባ ወረቀት በእርሳስ ይጻፋል። አልኮል ቀለም ይበላል፤ እርሳስን ግን አይደፍርም።» ተማሪዎቹ ከኋላቸው ይጠቃቀሳሉ። አንዱ ቀልደኛማ «የጋብቻ ውላቸውንም በእርሳስ ነው የፈረሙት» ብሎ አስወርቶባቸዋል።

ያን ዕለት ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፍተው የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያነሡት፣ ዓሣው በቦታው አለ፤ ከጎኑ የምትንሳፈፈው ወረቀት ግን ባዶ ናት። አልኮሉ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ሁለተኛውን አነሡ። ባዶ። ሦስተኛውም ባዶ። በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ።

ትዝ አላቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐይቁ ዳር፣ ዝናብ እየመጣ ሳለ፣ የእርሳሳቸው ጫፍ ተሰበረ። መቅረጫ ቢፈልጉ የለም። ሰማዩ ያጉረመርማል፣ ባለጀልባው ይቆጣል። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ መዘዙና «ማታ እገለብጠዋለሁ» ብለው የአርባውንም ዓሣ ቁጥርና የወጣበትን ቦታ ጽፈው ወረቀቶቹን በየጠርሙሱ ከተቱ። ማታ ትኩሳት ጣላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአልጋ ሲነሡ ነገሩ ከልባቸው ወጥቶ ነበር።

ዓሦቹ የአንዲት ተማሪ የሁለት ዓመት ልፋት መቋጫ ናቸው። ግማሾቹ ከወንዙ አፍ፣ ግማሾቹ ከሐይቁ ጥልቅ የወጡ ናቸው፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ጥናቷ ገደል ገባ ማለት ነው። በአራት ሰዓት ትመጣለች። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ተኩል ይላል።

እጃቸው ሳያዝዙት ወደ መሳቢያው ሄደ። አዲስ ወረቀት፣ የተቀረጸ እርሳስ። ጠቆር ያለውን «ጥልቅ»፣ ገርጣ ያለውን «ወንዝ» ብለው ቢሞሉት ማን ያውቃል? «ወንዝ፣ ቁጥር አንድ» ብለው ጻፉ።  ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወረቀቷን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ቀና ብለው መደርደሪያዎቹን አዩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፉት ሁሉ በዚህች ቁራጭ ወረቀት ሐሰት ሊሆንባቸው ነው።

በሩ ተከፈተ፤ ተማሪዋ ናት።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ? ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ? ትኩሳቱ አገረሸ እንዴ?»

«ልጄ፣ በሩን ዝጊው።» ወረቀቷን በመዳፋቸው ጨምድደው ኪሳቸው ከተቱ። «ጉድ ሠርቼሻለሁ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።»

ቀልድ መስሏት ሣቀች። ከዚያ ጠርሙሶቹን አየች፤ ሣቋ ተቋረጠ።

«አርባውንም?»

«አርባውንም።»

አንዱን ጠርሙስ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። 

«ኧረ ስደቢኝ!»

«ብሰድብዎ ቀለሙ ይመለሳል?» ዝናብ ያጨማደደውን የመስክ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። «የወጡበትን ቦታ፣ ርዝመታቸውንና ክብደታቸውን በየቁጥራቸው ጀልባው ላይ መዝግቤያለሁ። እንለካቸው።»

«አልኮል እኮ ያኮማትራል።»

«የሚያኮማትረው ሁሉንም ነው፤ የቁመት ተራቸው አይለወጥም። ከትልቁ እንጀምር።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለኩ። እሳቸው በወረንጦ እያወጡ ማስመሪያው ላይ ያጋድማሉ፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጣሉ፤ እሷ ከደብተሩ ታመሳክራለች። ሠላሳ ሰባቱ ቁጥራቸውን አገኙ፤ በእርሳስ የተጻፈ አዲስ ወረቀትም ገባላቸው። ሦስቱ ግን እኩል ቁመት፣ እኩል ክብደት ሆኑ፤ የሚለያቸው ምልክት የለም።

«እነዚህንስ ምን እናድርጋቸው?» አለች ተማሪዋ። «ሦስት ዓሣ ጎደለ ብዬ ለአስተማሪዬ ልነግር ነው?»

ያቺ የተጨማደደች ወረቀት እስካሁን ከኪሳቸው አልወጣችም ነበር። አውጥተው ቀደዷት። በሦስት አዲስ ወረቀቶች ላይ «የወጣበት አይታወቅም፤ ስሕተቱ የጠባቂው ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

«አባባ፣ ፊርማውም በእርሳስ?» አለች፣ ፈገግ ብላ።

እሳቸው አልሣቁም። አርባውን ጠርሙስ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሡ አነበቡ፤ የእያንዳንዱንም ክዳን ሁለቴ አጠበቁ።