ለቦራ የጻፍኳቸው ሁለት ማስታወቂያዎች

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ጎባ ውስጥ፣ ቀኑ መሸትሸት ሲል እግሬ የሚወስደኝ ወደ ራሳችን ቤት ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያ ወዳሉት ጎረቤታችን ወደ አባ ቦራ ቤት ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ እዚያው ቀበሌ ትመዝገብ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አባ ቦራ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ነበራቸው፤ እሱን ስም ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የታወቀ ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቦራ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከጊኒር ገበያ በውርንጭላነቱ ገዝተው ያሳደጉት ዳማ ፈረስ ነው። ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ ከብት መካከል ላለመሸጥ የገዙት ቦራን ብቻ እንደሆነ ደጋግመው ይነግሩን ነበር።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ እኛ የሰፈር ልጆች የጥድ ፍም የሞላውን ማንደጃ ከበን እንቀመጣለን፣ ጭሱ ያስለቅሰናል፣ ኩራዙ የአባ ቦራን ጥላ ግድግዳው ላይ ከነጥምጣማቸው ያገዝፈዋል፤ እሳቸውም በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱትን ተረት ይጀምራሉ። ኦሮምኛው የጠበቀበት ልጅ ካለ የምናውቀው እንተረጉምለታለን፣ አማርኛው ሲጠፋቸው እኛው እናቀብላቸዋለን፤ ስለዚህ ተረቱ የሁላችንም ነበር።

እኔ ከሁሉ የምወደው የጅቡን ነው። አንበሳ ፈረሱን መሸጥ ፈለገና ጅብን ደላላ አድርጎ ገበያ ላከው። ጅብ ፈረሱን መሀል ገበያ አቁሞ «ጭኑን እዩልኝ፣ ጎኑን ዳብሱልኝ፣ ቅልጥሙ ብቻ ሦስት ቀን ያከርማል» እያለ ይጣራ ጀመር። ዝንጀሮ መጥቶ «ዳገት ይወጣል?» ሲለው «ዳገቱን አላውቅም፣ ሽንጡን ግን ተመልከት» አለው። ቀይ ቀበሮ መጥታ «ጠባዩስ?» ስትለው «ጠባዩ ምን ይሠራልሻል፣ ስቡን አታይም?» አላት። አባ ቦራ ይህን ሲያወሩ የጅቡን ለሃጭ በእጃቸው ጀርባ ይጠርጉልናል፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። በመጨረሻ ገበያተኛው የጅቡን አፍ እያየ አንድ በአንድ ሹልክ ብሎ ይሄዳል፤ ፈረሱም ገመዱን በጥሶ ወደ ጌታው ይመለሳል። ተረቱ ምን ሊያስተምር እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም፤ እሳቸውም አይነግሩንም።

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አባ ቦራ ወደቁ። ከፈረስ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ከገዛ በራቸው ደረጃ ነው። ሐኪሙ ዳሌያቸውን አይቶ ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ መውጣት የለም አላቸው። ልጆቻቸው ሻሸመኔና አዲስ አበባ ናቸው፤ የሚጋልብለት የጠፋው ቦራ ጓሮ ታስሮ ይውል ጀመር። ፈረስ ታስሮ ሲውል እግሩ ያብጣል። አባ ቦራ በዱላ እየተደገፉ ማታ ማታ እግሩን ሲዳብሱ አይ ነበር። አንድ ቀን አባቴን «መሸጥ አለበት» አሉት። የሚያስፈራቸው ግን አንድ ነገር ነበር፦ ጋሪ። ያኔ የሮቤ መንገድ በጋሪ የተሞላ ነበር፤ ገበያ ከወጣ ደላላው ይዞት ለጋሪ እንደሚሰጠው እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። እንደ ቦራ ያለ የገጠር ፈረስ አስፓልት ላይ ጭነት እየጎተተ ሲያረጅ ማሰቡን አልቻሉትም።

ማስታወቂያ እንጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ቤት ሲያከራይ ምሰሶ ላይ ይለጥፍ የለ? የክፍላችን ቆንጆ ጽሕፈት የእኔ መሆኑን ማንም አይክደኝም ነበር። በዚያ ላይ መምህራችን በዚያው ሳምንት ስለ ዘይቤ አስተምሮን ስለነበር እጄን በልቶኝ ነበር። ለማንም ሳላሳይ በአራት ወረቀት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የአባ ቦራ ፈረስ በአስቸኳይ ይሸጣል። እንደ ነፋስ የሚበር፣ እንደ አንበሳ የሚደፍር፣ የጭነት መኪና የሚያስንቅ ጉልበት ያለው፣ ዓይኑ እንደ ኮከብ የሚያበራ። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል።»

በዱቄት ሊጥ አንዱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ አንዱን መስጊዱ አጠገብ፣ ሁለቱን ሚኒባስ ተራው ምሰሶዎች ላይ ለጥፌ፣ በራሴ ረክቼ ገባሁ።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። አባ ቦራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በገብስና በቅቤ የተሠራ ጭኳቸውን እየበሉ ሳለ፣ አንዲት የታች ሰፈር ሴት በጮጮ ወተት ይዛ እያለቀሰች ገባች። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። ከሮቤ ደግሞ የድሮ የንግድ ጓደኛቸው በሚኒባስ ደርሶ በሩ ላይ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ቆመ። አባ ቦራ ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ እንዳለ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛቸው «እርስዎ ነዎት እንጂ፤ ቦራ በአስቸኳይ ይሸጣል ሲባል ሰምቼ ምን ልበል?» አላቸው። በፈረሱ ስም የሚጠራ ሰው ፈረሱን ሸጠ ማለት በእኛ ዘንድ ቃሬዛው ደርሷል ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ አላሰብኩትም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አባ ቦራ ለመጣው ሁሉ አለመሞታቸውን ሲያስረዱ ዋሉ፤ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። ከሮቤ አንድ ባለጋሪ ወጣት ወረቀቴን ከምሰሶው ላይ ልጦ ይዞ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ አባ ቦራን ጉልበት ስሞ ሰላም አላቸው። «የጭነት መኪና የሚያስንቅ ጉልበት የሚለውን አይቼ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው» አለ።

«ለጋሪ አይደለም» አሉት አባ ቦራ።

«አባ፣ ለጋሪ አይሆንም አይልም እኮ ወረቀቱ። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል ነው የሚለው። ቀድሜ መጣሁ።»

አባ ቦራ ቃላቸውን የማያጥፉ ነጋዴ ነበሩ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የወጣው ከእኔ ብዕር ቢሆንም። ወደ ጓሮው ተመለከቱና «እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ። እስከዚያ ሌላ ገዢ ካልመጣ ያንተ ነው» አሉት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

በዚያ ምሽት ማንደጃው አጠገብ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ልጆች አልመጡም፣ ተረትም አልነበረም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «ኢንታላ ኮ፣ ጅቡ ለምን ፈረሱን መሸጥ አቃተው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያዝኑብኝም ሲወዱኝም የሚጠሩኝ እንደዚያው ነበር።

ተረቱን በልቤ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ጅቡ ስለ ፈረሱ አንድም ነገር አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ራሱ ሆድ ነው። ዝንጀሮ ዳገት ሲጠይቀው፣ ቀበሮ ጠባይ ስትጠይቀው፣ እሱ የራሱን ረሃብ ያወራ ነበር። እኔም ስለ ቦራ አልጻፍኩም። ነፋሱም፣ አንበሳውም፣ ኮከቡም እኔን የሚያስጎመጁኝ ቅልጥሞች ነበሩ፤ መምህሬ «ጎበዝ» እንዲለኝ የጻፍኳቸው። ቦራ እንኳን እንደ ነፋስ ሊበር፣ ሲሮጥም አይቼው አላውቅም። ያን ያህል ጊዜ የሳቅሁበት ጅብ እኔ መሆኔን ሳውቅ አለቀስኩ።

አባ ቦራ አላባበሉኝም። «እንባሽ ማስታወቂያ አይጽፍም፤ ደብተር አምጪ» አሉኝ።

ደብተሬን አመጣሁና «ዓይቡን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ዓይብ ነውር ነው፣ የዕቃው ጉድለት፤ «ዓይቡን ደብቆ የሸጠ በረካ የለውም» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ስለ ቦራ ሲሆን ግን ትንሽ ከበዳቸው። ከዚያ ፈገግ አሉና ተናገሩ። ባሌ ውስጥ መንገድ ላይ ሰው አይታለፍም፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤት ሕመምተኛ፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል። እሳቸው ደግሞ ከሰው ሁሉ የባሱ ነበሩ። ቦራ ከልጅነቱ ይህን እያየ ስላደገ፣ ሰው ባየ ቁጥር ራሱ ይቆማል፤ የስንብቱን ቃል ካልሰማ ቢለምኑትም፣ ቢመቱትም አይንቀሳቀስም።

«ይሄንን አንብቦ ማን ይመጣል?» አልኳቸው።

«የሚፈልገው ይመጣል። የማይፈልገው ቤቱ ይቀራል፤ እሱም ትርፍ ነው።»

እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«ፈረስ ይሸጣል። ስሙ ቦራ ነው። ገር ነው፤ አይራገጥም፣ አይናከስም። ዳገትና ጭቃ ይችላል። ሩጫ አይወድም። ጋሪ ጎትቶ አያውቅም። አንድ ዓይብ አለበት፦ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ይቆማል፤ ሰላምታው ካላለቀ አይንቀሳቀስም። የሚሸጠው ባለቤቱ ዳሌያቸውን ስላመማቸው ነው፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጠይቁ።»

ማለዳ በመጀመሪያው ፋንታ ለጠፍኩት፤ የሚኒባስ ተራ ወያላዎች ረቡዕን ሙሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ሲስቁበት ዋሉ። ሐሙስ ማንም አልመጣም። እኔ ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጓሮውን ነበር፤ አርብ ጠዋት ደግሞ ቁርስ አልበላ አለኝ። ይስቁበት የነበሩት ወያላዎች ግን ሳቃቸውን ይዘው ዲንሾ ድረስ ሄደው ነበርና፣ አርብ ከሰዓት ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች፣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ የሆነ ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ሰው ሲያይ የሚቆመው ፈረስ እዚህ ነው?» አለች።

ዘሃራ ትባላለች፤ በዲንሾ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አባ ቦራ ዓይቡን እንደገና በቃላቸው ሊነግሯት ሲጀምሩ ሳቀች።

«አባ፣ የሚሮጥ ፈረስ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የእኔ ሥራ መቆም ነው። እናት ባየሁበት ቆሜ ልጁ ተከተበ ወይ ማለት አለብኝ። የአጎቴን ፈረስ ተውሼ፣ አልቆም እያለ፣ እሱን ስይዝ ወሬው እያመለጠኝ ተቸግሬአለሁ።»

አባ ቦራ ፈረሱ የት እንደሚያድር፣ ማን ገብስ እንደሚሰጠው፣ በክረምት ምን እንደሚለብስ ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ሰጧት። ባለጋሪው ቅዳሜ ሲመጣ የፈረሱን ዓይብ ሰምቶ «እንዲያማ ከሆነ ለእኔም አይሆነኝም ነበር» ብሎ ምሳ በልቶ ሄደ።

አርብ ዕለት ዘሃራ ቦራ ላይ ወጥታ ስትነሳ ግን፣ አባ ቦራ በሩ አጠገብ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ቦራ አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ። እንዴት ይለፋቸው? ዘሃራም ገብቷት ልጓሙን ለቀቅ አደረገች። እሳቸውም ሰላምታውን ጀመሩ፤ እናቷን ጠየቁ፣ ከብቱን ጠየቁ፣ የዲንሾን ዝናብና ገብስ ጠየቁ፣ የማያውቋቸውን ጎረቤቶቿን ሳይቀር ጠየቁ። የሚጠየቅ ሰው አለቀ። ከዚያ ዝም አሉ። ቦራ ጆሮውን ወደ እሳቸው አድርጎ ይጠብቃል። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በመጨረሻ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው «ነጋቲ» አሉት፤ በሰላም ሂድ ማለት ነው። ፈረሱ ቃሉን ሰምቶ ሄደ።

ዛሬ ሮቤ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለኝ። ሰው ቤቱን፣ ላሙን፣ ባጃጁን ሊሸጥ ሲፈልግ በቴሌግራም የሚወጣውን ማስታወቂያ የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ ጉራ አይሁንብኝና የምጽፈው ይሸጣል። ማን እንዲወስደው እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ፣ ዓይቡን እጠይቃለሁ፣ ኮከብና ነፋስ አልጽፍም። ይህንን ያስተማረኝ የጅቡ ተረት ነው። አባ ቦራ በሩ ላይ ቦራን ሲሰናበቱ የተማርኩት ግን ሌላ ነው፦ ማስታወቂያው ሠራ ማለት ዕቃው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከመላኬ በፊት ስልኩን ወደ ባለቤቱ አዙሬ «ነገ ጠዋት ገዢው በርዎ ላይ ቢቆም ይሰጡታል?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ግን ያነብና «ተይው» ብሎኝ ይሄዳል።