ጎሳ የሌለው ጳጳስ

ጅጅጋ ታሪክ በማስተምርበት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለ አንድ የጥንት አየርላንዳዊ ጳጳስ የሚተርክ መጽሐፍ አገኘሁ። ሰውዬው ከሌላ አውራጃ ተሹሞ ሄዶ፣ የማያውቃቸውን ጎሳዎች ሲያስታርቅ ያረጀ ነው።

አቧራው መስኮት ባስዘጋን አንድ ከሰዓት ለሶማሌው ባልደረባዬ ታሪኩን ነገርኩት። እንደ አገሩ ልማድ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጳጳሱ ጎሳ ነው።

«እዚያ ጎሳ የለውም፤ ተመድቦ የሄደ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ሲሞት ማን ቀበረው?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ከጎንደር ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ጸጉሬ እንደሸበተ ያውቃል።

«አይዞህ መምህር» አለኝ፣ «አንተን እኛ እንቀብርሃለን።»

ከልቡ ነው ያለው። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት እንደገና ወደ ጎንደር ዝውውር ጠይቄ መመለሴ ነበር።