ለተረከዟ የታዘዘ ጫማ

ሐምሌ ነበር፤ አይ፣ ዝናብ ስላልነበር ሚያዝያ ሳይሆን አይቀርም። ቺያንግ ማይ ከተማ፣ ጫማ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሽርጧ የተጠበሰ ሙዝ የሚሸት ሴትዮ ሶሉ ወፍራም የሩጫ ጫማ ትለካለች።

«ሐኪሙ ለተረከዜ ለስላሳ ጫማ አዞልኝ ነው» አለች፣ እንደ ጥፋተኛ።

ሻጯ ኢም የጫማውን ጫፍ ልትዳስስ ስትንበረከክ፣ ሴትዮዋ እግሯን ሳበች።

«ተይ ልጄ! እግሬ ሥር አትውደቂ።»

«እማማ፣ ካልነካሁት ልኩን በሕልሜ ልየው?»

«ልኬ ነው አልኩሽ!»

አልነበረም፤ ስትራመድ ተረከዟ ይወጣል። ቢሆንም ምንጣፉ ላይ ቀስ ብላ ተመላለሰች፤ ፊቷ ሸክም እንዳወረደ ሰው ፈታ አለ።

ኢም አነስ ያለውን ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሴትዮዋ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አየችና ጫማውን አወለቀች። እግሯ የነበረበትን ውስጡን በሽርጧ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችና ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ለምን እንደማትጠብቅ ልጠይቃት ስነሳ፣ እያነከሰች ወጥታለች።